ስሟ ደብተሩ ላይ አለ፤ መሬቱ ግን በማን እጅ ነው?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ የምኖር የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ሕገ መንግሥቱ ሴቶችን እኩል ካደረገ 30 ዓመት አልፎታል። በ2011 ዓ.ም. ርዕሰ ብሔሯም፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንቷም ሴት ሆነው አይተናል። ከሚኒስትሮቹ ግማሾቹ ሴቶች ነበሩ። በኮንዶሚኒየም ዕጣ እንኳ 30 በመቶ ለሴቶች ተለይቷል። ታዲያ አሁንም ስለ ሴቶች እኩልነት ማውራት ለምን አስፈለገ? ይህን የጠየቅኩት እህቴ ችግር ላይ ስለወደቀች ነው። ያለችው ምሥራቅ ጎጃም፣ ገጠር ነው። በሰማንያ ካገባች 14 ዓመት ሆናት፤ ሦስት ልጆች አሏት። የመሬት ደብተሩ ላይ የሷም የባሏም ስምና ፎቶ አለ። ባሏ ግን ሳይነግራት መሬቱን ለአምስት ዓመት አከራየው። ስትጠይቀው ‹ካልተስማማሽ ውጪልኝ› አላት። ሽማግሌዎቹ ሁለት በግና ትንሽ ብር ተቀብላ ወደ እናታችን ቤት እንድትመለስ መክረዋታል። ባሏ ደግሞ ‹የጋብቻ ወረቀት የለንም፣ ምንም አይገባትም› ይላል። ሕጉ እኩል ካደረጋት ይህ እንዴት ይሆናል? ምንስ ታድርግ?»

መልስ፦ የጥያቄዎ ሁለተኛ ክፍል የመጀመሪያውን መልሶታል። ሕጉ እህትዎን እኩል አድርጓታል። ደብተሩም እኩል አድርጓታል። ሽማግሌው፣ ሞፈሩ፣ የመንደሩ ወሬ ግን ገና እኩል አላደረጓትም። ስለ እኩልነት ዛሬም የምናወራው ለዚህ ነው። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ። አንድ አስቸኳይ ጉዳይ ግን ይቅደም። እህትዎ ሽማግሌዎቹ ያዘጋጁትን ወረቀት እንዳትፈርም። የጣት አሻራም እንዳታደርግ። ይህን ዛሬውኑ ደውለው ይንገሯት።

ባሏ «ወረቀት የለንም» ማለቱ አያስደንግጣችሁ። በእኛ ሕግ ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በባህል ሥርዓት ሊፈጸም ይችላል። ሦስቱም ጋብቻ ናቸው። በሽማግሌ ፊት የታሰረ ሰማንያ ትዳር ነው። መመዝገብ ነበረበት፤ አለመመዝገቡ ግን ትዳሩን ከንቱ አያደርገውም። የምስክር ወረቀት በሌለበት ሕጉ ሌላ የማስረጃ በር ከፍቷል። ሁለት ሰዎች ባልና ሚስት ነን ብለው አብረው ከኖሩ፣ ዘመድና ጎረቤትም እንደዚያ ካያቸው፣ ኑሯቸው ራሱ ማስረጃ ይሆናል። እህትዎ 14 ዓመት ኖራለች። ሰማንያው ሲታሰር የነበሩ ሰዎች አሉ። የልጆቿን ክርስትና የበሉ ጎረቤቶች አሉ። ከሁሉም በላይ ደብተሩ ላይ ፎቶዋ ከባሏ ፎቶ ጎን ተለጥፏል። ይህን ሁሉ ክዶ «ሚስቴ አይደለችም» ማለት ፍርድ ቤት ፊት ቀላል አይሆንለትም። ትዳር አልነበረም ቢባል እንኳ ነገሩ እዚያ ላይ አያበቃም። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ወንድና ሴት ሳይጋቡ ቢያንስ 3 ዓመት እንደ ባልና ሚስት አብረው ከኖሩ ያፈሩት ሀብት የጋራ ነው።

ሌሎች ሁለት የተሳሳቱ ነገሮች በመንደሩ ሲወሩ እንደሚሰሙ አልጠራጠርም። አንደኛው «መሬት የመንግሥት ነው፣ በፍቺ የሚከፈል ሀብት አይደለም» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ መሬት አይሸጥም። የመጠቀም መብቱ ግን ትልቅ መብት ነው። ይወረሳል፣ ይከራያል፣ በፍቺም ይከፈላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 7 ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተላለፍ፣ በማስተዳደርና በመቆጣጠር ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው በግልጽ ይናገራል። ውርስንም ይጨምራል። ሁለተኛው «ቤቷን ጥላ የወጣች ሴት መብቷን ጥላለች» የሚለው ነው። ይህ ፈጽሞ ሐሰት ነው። ብዙ ሴት ዱላውን ችላ የምትቀመጠው ይህን ስለምታምን ነው። እህትዎ የሚያሰጋት ነገር ካለ ልጆቿን ይዛ ትውጣ። ነፍስ ይቀድማል። ከቤት በመውጣቷ ድርሻዋ አይቀነስም። አካባቢውን ለዓመታት ለቅቆ መሬቱን መርሳት ግን በገጠር መሬት ሕጎች ሌላ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ብትወጣም ክሱን አታዘግይ።

አሁን ወደ ኪራዩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ ያደርገው ነበር። ሚስትም እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። የሴት የጋብቻ ዕድሜም 15 ነበር። ይህ ምዕራፍ የተዘጋው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ለዚህ ለውጥ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ብዙ ደክሟል። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። በነዚህ ሕጎች ባልና ሚስት ቤታቸውን የሚመሩት በጋራ ነው። የጋራ የማይንቀሳቀስ ሀብትን አንዱ ብቻውን መሸጥም ማከራየትም አይችልም። የገጠር መሬት ሕጎቹም የጋራ ይዞታ ሲከራይ የባለመብቶቹን ሁሉ ስምምነት ይጠይቃሉ። ስለዚህ ባልየው ያለ እሷ ፈቃድ ያደረገው ውል በእሷ ጥያቄ በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል።

እዚህ ላይ ግን ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለዚህ አቤቱታ ጊዜ ተወስኖለታል። በፌዴራሉ ሕግ ውሉን ካወቀችበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ነው። ባታውቅም ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ካለፈ በኋላ አይቻልም። የናንተ ጉዳይ በክልሉ ሕግ ነው የሚታየው። እናንተ ግን 6 ወሯን እንደ መጨረሻ ቀን ቁጠሯት። ሽማግሌ «እስኪ ከፋሲካ በኋላ እንነጋገር» ሲል የሚቃጠለው የሷ ጊዜ ነው። በዚህ መንገድ በዝምታ ያለቁ ጉዳዮች ጥቂት አይደሉም።

እንግዲህ «ሕጉ እያለ እንዴት ይህ ይሆናል?» ወዳሉት እንምጣ። ብዙ ሰው እኩልነት ከውጭ የመጣ ነገር ይመስለዋል። አይደለም። ሰማንያ ሲታሰር «ሀብቴ በሀብትሽ፣ ንብረቴ በንብረትሽ» የሚባለው የአገሩ የራሱ ቃል ነው። በድሮው የርስት ሥርዓትም ርስት በአባት በኩል ብቻ አይቆጠርም፤ በእናትም ይቆጠር ነበር። ሴት ልጅም ባለርስት ነበረች። ሽማግሌዎቹ «ባህላችን ነው» ሲሉ የትኛው ባህል እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሁለት በግ ተቀብሎ መውጣት በሰማንያው ቃል ውስጥ የለም። ይህን ለሽማግሌዎቹ በአክብሮት፣ ግን ፊት ለፊት ቢሏቸው ደስ ይለኛል። ሕግ ከመጥቀስ ይልቅ ይህ የሚገባቸው አሉ።

ታዲያ እንቅፋቱ የት ነው? እኔ ሞፈሩ ላይ ነው እላለሁ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ በጾታ ልዩነት ሳይደረግ፣ በራሱ ጉልበት ለሚያርስ ሰው መሬት እንዲሰጥ ተደነገገ። ቃሉ መልካም ነበር። ነገር ግን ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም በሚባልበት አገር «በራሱ ጉልበት የሚያርስ» ማለት በተግባር ወንድ ማለት ሆነ። የገበሬ ማኅበሩ አባል አባወራው ሆነ። ሚስት በባሏ በኩል ተቆጠረች። ሕጉን የጣሰ ሰው ሳይኖር ልማዱ ሕጉን ዋጠው። ሴት አታርስም ማለት ደግሞ አትሠራም ማለት አይደለም። ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ዘር ትለቅማለች፣ እህሉን አበጥራ ጎተራ ታስገባለች። ከዚያ መልስ ውሃና እንጨት ይጠብቃታል። ግን መሬቱ የማን ነው ሲባል የሚቆጠረው ሞፈር የተያዘበት ቀን ብቻ ነው። የታረመበት ቀን አይቆጠርም። የእህትዎ ባል «መሬቴን አከራየሁ» ሲል ሌባ ነኝ ብሎ አያስብም። ከልቡ የሱ ይመስለዋል። ችግሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ደብተሩ የመጣው ይህን ለመስበር ነው። በአማራ ክልል የይዞታ ደብተር መሰጠት ሲጀምር የባልና የሚስት ስምና ፎቶ አብሮ እንዲገባ ተደረገ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በትግራይ በመጀመሪያው ዙር ምዝገባ ደብተሩ በአብዛኛው በአባወራው ስም ነበር የወጣው። እዚያ ሚስት መሬቱ የጋራ መሆኑን በምስክር ለማስረዳት ትለፋለች። እህትዎ ግን ፎቶዋን ማሳየት ብቻ ይበቃታል። ሸክሙ ወደ ባልየው ዞሯል። አንድ ፎቶግራፍ ይህን ያህል ሥራ ይሠራል።

ሌላው ምክንያት ዕድሜና ትምህርት ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ግማሾቹ 17 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ወይም ከዚያ በፊት አግብተዋል፤ መካከለኛው ዕድሜ 17.1 ነው። የወንዶቹ 23.7 ነው። በዚያው ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 48 በመቶዎቹ ትምህርት ቤት አልገቡም። ከወንዶቹ ያልገቡት 28 በመቶ ናቸው። እስኪ አንድ ቤት ውስጥ ያስቡት። በስድስት ዓመት የሚበልጣት፣ ማንበብ የሚችል፣ ወረዳ የሚመላለስ ባል አለ። እሷ ደብተሩን ብትይዘው እንኳ የተጻፈውን አታነበውም። በወረዳው ጽሕፈት ቤት ማንን እንደምታናግርም አታውቅም። መብቱ አለ፤ የሚደረስበት መንገድ ግን አልተጠረገም። እርስዎ የጠቀሷቸው ሴት ርዕሰ ብሔርና ሴት ዳኞች መምጣታቸው ጥሩ ነው። እኔም ያን ዓመት ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ከላይ የተከፈተ በር ወደ ቀበሌ የሚወርደው በራሱ ጊዜ አይደለም። ስለ ኮታው የሚያጉረመርሙ ከሆነ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ራሱ የቀደመውን በደል ለማካካስ ሴቶች ልዩ ድጋፍ እንዲያገኙ እንደፈቀደ ያስታውሱ። እንደ ስጦታ አይታይ።

አሁን ምርጫዎቿን እንይ። ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የሽማግሌዎቹ ሐሳብ ነው። በጎቹን ተቀብላ መውጣት። ይህን አልመክርም። በጎቹ ሁለት ክረምት አይሻገሩም፤ መሬቱ ግን ልጆቿን ያሳድጋል። ደግሞም ይህ ስምምነት ፍርድ ቤት ቀርቦ ከጸደቀ ማፍረሱ እጅግ ከባድ ነው። ሁለተኛው ትዳሩን ሳያፈርሱ ኪራዩን ማስቆም ነው። ይህ ሰው የማያውቀው መንገድ ነው። ውሉን ለማስፈረስ መፋታት አያስፈልግም። ትዳሩ ውስጥ ሆና መክሰስ ትችላለች። አንዳንድ ባል ውሉ ሲፈርስበት ሚስቱን ሁለተኛ ሳያማክር አይፈርምም። ሦስተኛው ፍቺና ክፍፍል ነው። ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ይመክራል፤ ሊያፋታ ግን አይችልም። በክፍፍሉ ከመሬቱ ሌላ ቤቱ፣ ከብቱ፣ ጎተራ ያለው እህል፣ በትዳሩ ጊዜ የተቆጠበ ገንዘብ ሁሉ ይገባል። በባሏ ስም ብቻ የተመዘገበ ነገርም የግሌ ነው ብሎ እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ተብሎ ይገመታል። ከጋብቻው በፊት የነበረው ወይም በውርስና በስጦታ ያገኘው ግን የግሉ ነው። እዳም ይከፈላል። ለቤተሰቡ ተብሎ የተወሰደ ብድር የሁለቱም ነው። ስለዚህ ድንገት «ተበድሬ ነበር» የሚል ነገር ከመጣ ብድሩ መቼ እንደተወሰደ፣ ምን ላይ እንደዋለ በማስረጃ ይጠየቅ።

ይህ ሁሉ ገደብ አለው፤ ሳልደብቅ ልንገርዎ። መሬቱ በጣም ጠባብ ከሆነ ሕጉ ከተወሰነ መጠን በታች መቁረስን ይከለክላል። ያን ጊዜ ወይ በጋራ ይጠቀማሉ፣ ወይ አንዱ ለሌላው ግምቱን ይከፍላል። ግምት ከተባለ አካባቢው ላይ መሬት የሚከራይበት ዋጋ ይታይ፤ ባልየው የጠራውን ቁጥር እንዳትቀበል። ክልሉ ውስጥ ባለው ግጭት የተነሳ ደግሞ ወረዳ ፍርድ ቤት መድረስ ራሱ አስጊ የሆነበት አካባቢ አለ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳያረጋግጡ «ሂጂ» እንዳይሏት። ሕግ ያላት ሴት ጎረቤት የሌላት ልትሆንም ትችላለች። ባሏን የከሰሰች ሴት በመንደር ትታማለች። ውሃ ስትቀዳ፣ ቡና ስትጠራ ይሰማታል። ይህን ቀድማ ብታውቀው ይሻላል። ብቻዋን ደግሞ አትሁን። እናትዎ፣ አክስቶችዎ፣ የንስሐ አባቷ ከጎኗ መቆማቸው ከጠበቃ የማይተናነስበት ጊዜ አለ።

የኔ ምክር ግልጽ ነው። ውሉን ለማስፈረስ አሁኑኑ ትክሰስ። ስለ ፍቺው ረጋ ብላ ትወስን። አንድ ላይ ማደባለቅ የለባትም። መጀመሪያ ወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄዳ የይዞታውን ማረጋገጫ በማኅተም ታውጣ። ደብተሩን ባሏ ቢደብቀው ወይም ቢቀደው እንኳ መዝገቡ እዚያ አለ። በዚያው የኪራይ ውሉ ተመዝግቦ እንደሆነ ትጠይቅ። ተመዝግቦ ከሆነ «የኔ ፊርማ የታለ?» ትበል። ፊርማ ወይም አሻራ ካለና የሷ ካልሆነ ነገሩ ከቤተሰብ ጉዳይ አልፎ ወንጀል ይሆናልና ያን ጊዜ ለፖሊስ ታመልክት። ካልተመዘገበ ውሉ ከጅምሩ ደካማ ነው። ቀጥሎ ለወረዳው ፍርድ ቤት አቤቱታ ታቅርብ። ከአቤቱታው ጋር የእግድ ጥያቄ ይኑር። ተከራዩ ዘር ከጣለ በኋላ ነገሩ ይወሳሰባል። የዳኝነት የምትከፍለው ከሌላት በደሃ ደንብ ለመክሰስ መጠየቅ ትችላለች። የሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። በባሕር ዳርና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ። እርስዎ ከተማ ስላሉ ይህን መጠየቅ ለርስዎ ይቀላል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅዎ። አባታችሁ በሕይወት የሉ እንደሆነ የአባታችሁ መሬት እንዴት ተከፈለ? እህትዎ ድርሻ አገኘች? ወይስ «አግብታ ሄዳለች» ተባለ? ይህን የምጠይቀው ልወቅስዎ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ወደ እናቷ ቤት ሲመልሷት እዚያም መሬት እንደሌላት ያውቃሉ። ባሏም ያውቃል። «ውጪልኝ» የሚለው የምትወጣበት ስለሌላት ነው። ሕገ መንግሥቱ ለሴት ልጅ በውርስም እኩል አድርጎ ሰጥቷታል። ያልተከፈለ ካለ ከወንድሞችዎ ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩ።

የመሬቱ ግማሽ ሲመለስላት ደግሞ ሞፈሩ እንደገና ይመጣል። የልጆቿ ትልቁ ገና 13 ቢሆነው ነው። በሬ ከሌላት መሬቱን የእኩል ትሰጣለች። ያን ጊዜ ምርቱ በአውድማው ላይ እንዴት እንደሚከፈል፣ ዘርና ማዳበሪያውን ማን እንደሚያወጣ፣ ገለባው የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይሁን። ውሉ ለአንድ ዓመት ብቻ ይሁንና በየዓመቱ ይታደስ። አራሹ ወንድማችሁ ቢሆንም እንዲሁ ነው። ውሉ ላይ አከራይ ተብሎ የሚጻፈው የሷ ስም ይሁን፤ የርስዎም የወንድማችሁም አይሁን። አንዱ ቅጂ በእጇ ይግባ። ማንበብ የማትችል ከሆነ ትልቁ ልጇ ከመፈረሟ በፊት ጮክ ብሎ ያንብብላት።